ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም



ባለፈው ሴሚስተር ከዶርማችን ልጆች አንዱ ደም ሊለግስ ሄዶ ሳይለግስ ተመለሰ። ግፊቱ 160 በ104 ሆኖ ተገኘ። እድሜው 22 ነው፤ ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም። "ደም ብዛት የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?" ብለን ቀለድንበት። እሱ ግን አልሳቀም። "ግቢ ከገባሁ 14 ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ኪሎና ግፊት ምን አገናኛቸው?" አለን። መልስ ስላጣን ማንበብ ጀመርን፤ የሕክምና ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞቻችንም አረሙን።

መጀመሪያ የኢንጂነሪንግ ተማሪ መሆናችን አሳሳተን። ሰውነት ሲገዝፍ የቱቦው መስመር ይረዝማል፣ ፓምፑም አብዝቶ ይገፋል፣ አለቀ ብለን ነበር። ጥቂት እውነት አለው፤ ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ግፊት ከፍ ሲል ጤናማ ኩላሊት ትርፉን ጨውና ውሃ በሽንት አስወጥቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ታዲያ ወፍራም ሰው ላይ ኩላሊት ይህን ሥራ ለምን ያቅተዋል?

ስቡ ስለማያሠራው ነው። በተለይ ሆድ ውስጥ የሚከማቸው ስብ ኩላሊትን ከውጭ ይጫነዋል። የስብ ሴሎች ደግሞ አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ከሱ የሚገኘው አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥርን ያጠብባል፣ አልዶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ቀስቅሶም ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል። የደም ሥር መጥበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፍሉይድ ሜካኒክስ ላይ ራዲየስ በአራተኛ ፓወር መግባቱን ታስታውሳላችሁ፤ ራዲየሱ 10 በመቶ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኢንሱሊንም ሲበዛ ኩላሊት ጨው እንዲያስቀር ይገፋዋል።

ይበልጥ ያስገረመን ግን ሌፕቲን ነው። የሌፕቲንን ጂን በ1994 እ.ኤ.አ. ያገኘው በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው። ሆርሞኑ ከስብ ሴሎች ወጥቶ ለአንጎል "በቃ፣ ጠግበናል" የሚል መልእክት ያደርሳል፤ በዚያው ልክ የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ያነቃቃል። ስብ ሲበዛ ሌፕቲንም ይበዛል። አንጎል የጥጋቡን መልእክት መስማት ይተዋል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው የነርቭ ቅስቀሳ ግን አይቆምም። በዘር ችግር ምክንያት ሌፕቲን ጭራሽ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። እጅግ ወፍራም ናቸው፤ ግፊታቸው ግን እንደ ውፍረታቸው ከፍ አይልም። ይህን ስናነብ "ሸክሙ ነው" የሚለው ግምታችን ወደቀ።

ማንኮራፋትም አለ (ዶርማችን ውስጥ ማን እንደሆነ ይታወቃል)። አንገት ላይ የተከማቸ ስብ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መንገዱን ሲዘጋ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ነርቮቹ ይደነግጣሉ፣ ግፊት ይወጣል። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቆረጥ የሚል ካለ ይታይ። ቀጭን ሰውም ቢሆን ግፊት አይዘኝም ብሎ አይተማመን።

ደስ የሚለው፣ መንገዱ መመለሻም አለው። ብዙ ጥናቶች ሲጠቃለሉ አንድ ኪሎ ሲቀነስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ1 ገደማ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የካፌውን ወጥ ስንቀምስ ግን...

ወንድማችን ክሊኒክ ሄዶ በተለያዩ ቀናት ተለካ፤ ክትትል ጀምሯል። እስካሁን 6 ኪሎ ቀንሷል፤ ባለፈው ሳምንት 142 በ92 ነበር። መለኪያ ገዝቷል። መለካት የምትፈልጉ ከዒሻ በኋላ ዶርማችን ኑ፤ ከመለካታችሁ በፊት ግን አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ፣ ደረጃውን ሮጣችሁ ወጥታችሁ እጃችሁን አትዘርጉልን።