ኪክን የሚያስተካክለው ቆዳው ነው፦ የቤዝ ድራም ቆዳ አመራረጥ

ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ ለቤዝ ድራም፣ ማለትም ለኪክ፣ ከባድ ፈተና ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ እንዲህ ባለ ቤት ለሰርግ ወይም ለአምልኮ የሚጫወት ባንድ ኪኩ «ቡም» ብሎ አልቆም ሲለው ጥፋቱን ስፒከሩ ላይ ይጥል ይሆናል፤ ገንዘብ ከተገኘም አዲስ ድራም መግዛት ያስብ ይሆናል። ከሁለቱም በፊት መመርመር ያለበት ግን ቆዳው ነው። ኪክ ጥሩ የሚሆነው ስለጮኸ ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ቆዳ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» ወይም «ምን ያህል ይወፍራል?» ሳይሆን «ድምፁ ምን ያህል ይቆይልኝ?» የሚለው ነው።

ደረጃ 1፦ ምቱን ያስሉ። ባንዱ አዘውትሮ የሚጫወተው ችክችካ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 120 ዋና ምት ቢኖር አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል፤ ችክችካ ምቱን ለሦስት ስለሚከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 0.17 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ግማሽ ሰከንድ የሚያስተጋባ ኪክ በሚቀጥሉት ክፍሎች ላይ ይደርባል፤ የቤዝ ጊታሩንም መስመር ይሸፍናል። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ ዝግ ያለ ዜማ ግን ያው ኪክ ግማሽ ሰከንድ ባዶ ቦታ ይተርፈዋልና ረዘም ያለ ድምፅ ያምርበታል። አዳራሹ ራሱ የሚያስተጋባ ከሆነ ደግሞ ከቆዳው የሚፈለገው ቆይታ የበለጠ ማጠር አለበት።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ይለኩ። ቆዳውን የሚይዙትን ቀለበቶች ሳይጨምሩ የእንጨቱን ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይለኩ። 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመጣ ድራሙ 22 ኢንች፣ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 20 ኢንች ነው። የኋላው ቆዳ ፔዳሉ የሚመታው ነው፤ የፊተኛው ወደ ታዳሚው ይዞራል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የኋላውን ይቀይሩ፤ የምቱ ጅማሬና አብዛኛው የድምፁ ጠባይ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ንብርብር ይምረጡ። የተለመደው ባለ አንድ ንብርብር ፕላስቲክ 0.25 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ፈጥኖ ይመልሳል፣ ቀለል ላለ እግርም ይታዘዛል። ባለ ሁለቱ ከባድ ስለሆነ ቀጫጭን ድምፆችን ይቀንሳል፣ ጠንካራ ምትንም ይችላል። «ወፍራም ቆዳ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ውጥረቱ እኩል ከሆነ ከባዱ ቆዳ በዝግታ ስለሚርገበገብ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ያንን ክብደት ለማንቀሳቀስ ጉልበት ያስፈልጋል። በቀስታ የሚመታ እግር ከወፍራም ቆዳ የሚያገኘው የደከመ ድምፅ ነው። ዝቅታው ደግሞ በውጥረት ሊስተካከል ስለሚችል፣ በኃይል ለማይመታ ድራመር ባለ አንዱ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ማፈኛው ቆዳው ላይ ያለውን ይምረጡ። የሬሞ ፓወርስትሮክ 3 ከጠርዙ ሥር የተለጠፈ ስስ ቀለበት አለው፤ የኢቫንስ ኢማድ ደግሞ ከውጭ የሚቀያየሩ ሁለት የስፖንጅ ቀለበቶች ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ጠርዙን ዝም ሲያሰኙ መሐሉን ነጻ ይተዉታል። «ብርድ ልብስ ብጠቀጥቅበትስ?» ለሚል፣ ከባዶ ይሻላል፤ ነገር ግን ብዙ ጨርቅ ከማይፈለገው ጉርምርምታ ጋር የሚፈለገውንም ይበላል። የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ከበሯችን ያለ ስፖንጅ ያምራል፤ ድራሙን ለምን እናፍነዋለን? ከበሮ ማፈኛውን ከራሱ ጋር ይዞ የተሠራ ነው። የከብት ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ርግብግቢቱን ራሱ ይውጠዋል፤ የሚመታው እጅም ድምፁን ይገታዋል። ሰፊው ፊቱ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚሰጥ አንዱ በሌላው ላይ አይደርብም። ስሱ ፕላስቲክ ይህን ጠባይ ስለሌለው ቀለበቱ ይሟላለታል።

ደረጃ 5፦ የፊቱን ቆዳ ይወስኑ። ቀዳዳ የሌለው የፊት ቆዳ ድምፁን ያስረዝማል፤ ከመሐል ወደ ጎን ሸሽቶ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ያለው ደግሞ አየሩን አስወጥቶ ያሳጥረዋል፣ ማይክም ያስገባል። ለችክችካና ለሚያስተጋባ ቤት ቀዳዳ ያለው ይመረጣል። የፊቱን ቆዳ ጨርሶ ማውጣት ግን አይመከርም፤ ድምፁ ደረቅና አካል የሌለው ይሆናል።

ደረጃ 6፦ በጥንቃቄ ይወጥሩ። አሮጌውን አውልቀው የእንጨቱን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። አዲሱን አስቀምጠው ብሎኖቹን ሁሉ በጣት እስኪጠብቁ ያስገቡ። ከዚያ በድራም ቁልፍ፣ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን እያጠበቁ፣ በየተራ ሩብ ዙር ያዙሩ። ሽብሽቡ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ብቻ ይጨምሩና በፔዳሉ እየመቱ ከአዳራሹ መሐል ሰው እንዲያዳምጥ ያድርጉ፤ ከወንበሩ ላይ የሚሰማው ታዳሚው የሚሰማው አይደለምና። ምቱ የማይለይ ከሆነ ለስላሳውን የፔዳል መምቻ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይተኩ፤ ቆዳው እንዳይበሳ የሚመታበት ቦታ ላይ ማጠናከሪያ ይለጥፉ።

«ሳውንድ ማኑ በሚክሰር ያስተካክለዋል» የሚል ካለ፣ ሚክሰር ከ250 እስከ 500 ኸርዝ ያለውን የካርቶን ድምፅ ሊቀንስ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን የምት ጥራት ሊያጎላ ይችላል። ከድራሙ በቀጥታ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ጉርምርምታ ግን አያቆምም፤ እሱ በማይኩ በኩል አላለፈም። ድራሙ ርካሽ መሆኑም ሰበብ አይሆንም፤ እንጨቱ ካልተጣመመና ብሎኖቹ ከያዙ በተገቢ ቆዳ የሚያሳፍር ድምፅ አይሰጥም። ችክችካ ለሚበዛበት የ18 ማዞሪያ አዳራሽ ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከኋላ ባለ አንድ ንብርብር ከቀለበት ማፈኛ ጋር፣ ከፊት ቀዳዳ ያለው። ይህን ሞክረው ካልረኩ ብቻ ስለ አዲስ ድራም ያስቡ።