ሰምቶ መመለስ

ሬዲዮን የማያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ዜና እንሰማለን። የእህል ዋጋ እንሰማለን። ነገር ግን ሬዲዮው ይናገራል፤ እኛ እናዳምጣለን። መልስ የምንሰጥበት መንገድ የለንም።

በብዙ አገሮች ግን ከማዳመጥ አልፈው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። በገዛ ሬዲዮናቸው ከጎረቤት ከተማና ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ይነጋገራሉ። እነዚህ ሰዎች አማተር ይባላሉ። አማተር ማለት አንድን ሥራ ለደመወዝ ሳይሆን ወዶት የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ገበሬም፣ መምህርም፣ ጡረተኛም፣ ተማሪም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ትምህርት አንድ ሰው ወደ አማተር ሬዲዮ ክለብ እንዴት እንደሚገባ፣ ፈቃድም እንዴት እንደሚያገኝ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው የአሜሪካን አገር አሠራር ነው። የአገራችንንም በመጨረሻ እናነሣለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. ጥቅሙ ምንድን ነው?

መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መታ። ፖርቶ ሪኮ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ያለች ደሴት ናት። መብራት በደሴቲቱ ሁሉ ጠፋ። ከመቶ የሞባይል ስልክ ማማ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሥራ አቆመ። እናት ልጇን የምትጠይቅበት ጠፋ። በሕይወት የተረፈውም «አለሁ» ማለት አቃተው።

ያን ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአማተሮችን ማኅበር 50 ሰዎች እንዲሰጠው ጠየቀ። ከሃያ የሚበልጡ አማተሮች ሬዲዮናቸውን ይዘው ወደ ደሴቲቱ ተጓዙ። የደሴቲቱ አማተሮችም በየቦታቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ስልክ ዝም ባለበት ቦታ መልእክት አደረሱ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች ሬዲዮ የተማሩት ነፋሱ ከመጣ በኋላ አይደለም። የተማሩት አገር ሰላም ሳለ ነው። ወንዝ ከሞላ በኋላ ዋና አይለመድም።

2. መልእክቱ እንዴት ይደርሳል?

የሞባይል ስልክ ማማ ይፈልጋል። ማማው ከወደቀ ስልኩ ዝም ይላል። የአማተር ሬዲዮ ግን ባትሪና አንቴና ካገኘ ያለ ማማ ይሠራል። አንቴና ማለት ሞገድ የሚልክና የሚቀበል ሽቦ ወይም ዘንግ ነው።

አንዳንዱ ሞገድ ቅርብ ይሄዳል፤ ተራራ ይጋርደዋል። አጭር ሞገድ የሚባለው ግን ወደ ሰማይ ይወጣል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐይ የለወጠችው የአየር ሽፋን አለ። ሞገዱ ከዚያ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ይሰማል።

ሬዲዮው ካልደረሰ ደግሞ ሰው ለሰው ያቀብላል። በ1906 ዓ.ም. ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ አሜሪካዊ አማተር ወደ ሌላ ከተማ መልእክት መላክ ፈለገ። ሬዲዮው አልደረሰለትም። በመካከል ያለ ሌላ አማተር ተቀብሎ አሳለፈለት። ማክሲምም ከዚህ ተነሥቶ የአሜሪካን አማተሮች ማኅበር በዚያው ዓመት ከጓደኛው ጋር አቋቋመ። እኛስ ከጉብታ ጉብታ እየተጣራን የሩቁን ወሬ እናደርስ የለም? ነገሩ አንድ ነው።

3. ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?

«አፍ የራስ ነው፤ ለመናገር ምን ፈቃድ ያሻል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመስኖ ውሃን እናስብ። ውሃው የሁሉም ነው። የውሃ አባት ተራ ካላስያዘ ግን የላይኛው ይወስደዋል፤ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን፣ መርከብና ፖሊስ በየራሳቸው ሞገድ ይነጋገራሉ። ያልተማረ ሰው ባገኘው ሞገድ ላይ ቢናገር የሌላውን ቃል ያፍናል። የተፈናው ቃል የድረሱልኝ ጥሪ ሊሆን ይችላል።

ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ በአሜሪካ ፈቃድ አይጠየቅም። ፈቃድ የሚጠየቀው ለመናገር ነው።

4. ወደ ክለብ መግባት

ክለብ የአማተሮች ማኅበር ነው። አባሎቹ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ይሰበሰባሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ የቆየው አባል ያስተምረዋል። ብዙ ክለቦች የጋራ ሬዲዮ አላቸው። ፈቃድ የሌለው እንግዳ እንኳ ባለፈቃዱ አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረው መናገር ይችላል። የመጀመሪያ ፍርሃት የሚለቀው ያን ጊዜ ነው።

አንቴና ለብቻ መትከል ከባድ ነው፤ አደጋም አለው። ዘንጉ የመብራት መስመር ከነካ ሰው ይሞታል። ክለቡ ግን የሚያውቅ ሰው አለው፤ የሚያግዝ እጅም አለው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

5. ፈተናው

በአሜሪካ ፈቃዱ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቴክኒሻን ይባላል፤ በአብዛኛው ለቅርብ ንግግር ነው። ወደ ሩቅ አገር በሰፊው መናገር የሚፈልግ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወጣል።

የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ አለው። ለያንዳንዱ ጥያቄ አራት መልስ ተጽፏል፤ ትክክለኛውን መምረጥ ነው። 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት አስቀድሞ ለሕዝብ ከታተመ ዝርዝር ነው። ድብቅ ነገር የለም። ያጠና ያውቀዋል።

ፈታኞቹ ራሳቸው ባለፈቃድ አማተሮች ናቸው። ቢያንስ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ደመወዝ አይቀበሉም። ያለፈው ሰው ለመንግሥት ኮሚሽን 35 ዶላር ይከፍላል። ይህ ክፍያ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ይሠራል።

ቀድሞ በነጥብና በሰረዝ የሚጻፈውን የሞርስ ፊደል ማወቅ ግዴታ ነበር። ከየካቲት 1999 ዓ.ም. ወዲህ በየትኛውም ደረጃ አይጠየቅም። የዕድሜ ገደብም የለም። የአሜሪካ ዜጋ መሆንም ግዴታ አይደለም። ከአገራችን ሄደው እዚያ የሚኖሩ ሰዎችም መፈተን ይችላሉ።

«ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛስ ሀ ሁ ስንጀምር እንዲሁ ብለን አልነበረም?

6. የባለፈቃዱ ግዴታ

ፈተናውን ያለፈ ሰው የመጠሪያ ምልክት ይሰጠዋል። ይህም ፊደልና ቁጥር ነው። ሲነጋገር ቢያንስ በየአሥር ደቂቃው፣ በንግግሩም መጨረሻ ምልክቱን ይናገራል። ማን እንደ ሆነ አይደብቅም። ዘፈን አያሰማም። መልእክት አድርሶ ዋጋ አይቀበልም። ሌላው እንዳይገባው በምስጢር ቃል አይናገርም።

7. በአገራችን

እያንዳንዱ አገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የራሱ መነሻ ፊደል አለው። የእኛ «ኢ ቲ» ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ተቋቁሞ፣ የክለቡ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠርቷል። የጣቢያው መጠሪያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ነው። ይህ ስም ሲጠራ ባሕር ማዶ ያለ አማተር ኢትዮጵያ እየተናገረች መሆኗን ያውቃል። በእኛም አገር ያለ መንግሥት ፈቃድ መናገር አይገባም።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ከክለብ መማር፣ ከዚያ መፈተን፣ በመጨረሻ መናገር። ሬዲዮ በገንዘብ ይገዛል። ፈቃዱ ግን የሚገኘው በዕውቀት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በፖርቶ ሪኮ ስልክ ሲቋረጥ የአማተር ሬዲዮ የሠራው ለምንድን ነው?
ለ. የሬዲዮ ሞገድና የመስኖ ውሃ በምን ይመሳሰላሉ?
ሐ. በአካባቢያችን መንገድና ስልክ ቢቋረጥ መልእክት በምን እናደርሳለን? ከአሁኑ ምን መማር ይገባናል?