በቡታጅራ መንገድ ዳር ድንጋይን ማንበብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ሰበታ ከመድረሱ በፊት ዓለም ገና ላይ መገንጠያ ያገኛል። ቀጥ ያለው መንገድ ወደ ሰበታ ይዘልቃል፤ ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይወርዳል። ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ለአረፋ ወደ ስልጤ የሚገባው ሰው የሚጎርፈው በዚህ በግራው ነው። አገር ቤት ለመድረስ የቸኮለ መንገደኛ ግን ከሦስት ትልልቅ ቅርሶች አጠገብ ሳይቆም ያልፋል፤ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ። ሦስቱም እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ የተሠሩ የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። በየቦታው ምን መፈለግ እንዳለበት ላወቀ ሰው አንድ ቀን ይበቃል።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳርና ዳር ይገኛል። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለጥናት ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነው። ወንዙ የቆረጠው ገደል ተደራርቦ የቆየውን አፈር ገልጦ ያሳያል፤ በየንብርብሩም የድንጋይ መሣሪያና የእንስሳት አጥንት አለ። ታሪኩ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። 700 ሺህ ዓመት በሆነው አንድ ንብርብር ላይ ተመራማሪዎች የትንንሽ ልጆችን ዱካ ጭምር አግኝተዋል።

እዚህ ጎብኚውን የሚያስቸግረው ነገር አንድ ነው፤ መሣሪያው ተራ ጠጠር ይመስላል። መለያው እንዲህ ነው። በአቅራቢያው ካለው ባልጪት የሚገኘውን ጥቁር ባልጩት አስቡ። ጠርዙ በሌላ ድንጋይ ሲመታ ስስ ስንጣሪ ተፈንጥሮ ይወጣል። ስንጣሪው ከተመታበት ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት ይቀራል፤ ከእብጠቱም ተነሥቶ በፊቱ ላይ ቀለበት ቀለበት የሚሠራ ሞገድ ይታያል። በአጋጣሚ የተሰበረ ድንጋይም አንዳንዴ ይህን ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በአንዱ ጠርዝ ላይ፣ በሁለቱም ፊት፣ ተከታትሎና ተመጣጥኖ ከታየ ግን የመታው ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚሁ አካባቢ በሲምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየተመረጠ በብዛት የሚጠረብበት ቦታ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በግቢው ያሉት የጎጆ ቅርጽ ያላቸው ማሳያ ቤቶች ለመነሻ ይበጃሉ፤ ዓይን እዚያ ከሠለጠነ በኋላ ወደ ቁፋሮው ቦታ መውረድ ይሻላል።

ከአዋሽ ማዶ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ወደ ደቡብ እጅግ ርቀው ከሚገኙት አንዷ ስትሆን፣ ትውፊቱ የሚሰጣት ለንጉሥ ላሊበላ ነው። ዛሬም ይቀደስባታል፤ ስለዚህ ሰዓት መርጦ መሄድ፣ ጫማ ማውለቅና ነጠላ መልበስ ተገቢ ነው። ከሩቅ ሕንፃ አይታይም፤ ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ነውና። በግንብ ሥራ መሠረት ይቀድማል፣ ጣራ ይከተላል። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ጠራቢው በመጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ውስጡን ይፈለፍላል፤ ፍርካሹንም በበርና በመስኮቱ ያወጣል። ዓምድ የሚሆነውን ድንጋይ በስሕተት ከቆረጠው መልሶ የሚተክለው ነገር የለውም። አዳዲ እንደ ላሊበላዎቹ የተወለወለች አይደለችም፤ ይህ ግን ለተማሪ ጥቅም አለው። ግድግዳውን በጎን በሚወድቅ ብርሃን ላየው፣ አጠራረቡ ራሱ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይነግረዋል።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሶ ወደ ደቡብ የሚቀጥል ሰው ሶዶ ውስጥ ጢያን ያገኛል። በዚህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ወደ 160 ይጠጋሉ። ሰዉ ድንጋዮቹን የግራኝ ድንጋይ ሲል ኖሯል። ቁፋሮው ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ሥራቸው መቃብር አለ፣ ዘመናቸውም ከግራኝ አሕመድ በፊት ነው። ጎልተው የሚታዩት ሰይፎች ናቸው። ከሰይፎቹ ሌላ ክብ ቅርጾችና ቅጠል መሰል ምልክቶች አሉ። ሰይፉ የገደለውን ጠላት ይቆጥራል፣ ቅጠሉ እንሰት ነው የሚሉ አስጎብኚዎች አሉ። ይህ ግምት ነው፤ የሚፈታው ጽሑፍ አልተገኘም። ስለዚህ ጎብኚ መጀመሪያ ያለውን ይቁጠር፤ በዚህኛው ስንት ሰይፍ አለ? ከክቡ ጋር ነው ወይስ ብቻውን? ትርጓሜውን ከዚያ በኋላ ቢሰማ ይመዝነዋል።

ሦስቱንም ቦታ የሚመለከት አንድ ደንብ አለ፤ ምንም አታንሡ። መልካ ቁንጡሬ ላይ የድንጋዩ ዕድሜ የሚታወቀው ከድንጋዩ ራሱ አይደለም። ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ ይለካል፤ መሣሪያው በመካከል ስለተገኘ ዘመኑ በዚያ ይወሰናል። ኪስ ውስጥ የገባ ስንጣሪ ከንብርብሩ ከተለየ ዕድሜውን የሚመሰክርለት አይኖርም። እንዲህ ያለው ቅርስ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ምክንያቱ በቂ ነው።