ዓሣን መብላት በብልኃት፤ መሸጥም እንዲሁ
(የሰኔ ወር የሐይቅ፣ የወንዝና የገበያ ሁኔታ፤ ለወለጋ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት)

«ዓሣን መብላት በብልኃት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ የተነገረው ስለ እሾኹ ነው። ነገር ግን የዓሣ እሾኽ የሚወጋው የበላተኛውን ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውንም ኪስ ጭምር መሆኑን ብዙዎቻችን የምንረዳው ከከሰርን በኋላ ነው። በሰኔ ወር ከደቡብ ሐይቆች ዳር «ዓሣ ረክሷልና እንጫንላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ከዋጋው መርከስ በቀር ሌላ ነገር ሳይመረምር «እሺ» የሚል ነጋዴ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በክረምት መግቢያ ረክሶ የተገዛ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተወደደ ዓሣ ሆኖ እንደሚገኝ ነው።

1ኛ፤ የደቡብ ሰማይ የወለጋ ሰማይ አይደለም

የነቀምቴ ነጋዴ ሰኔ ሲገባ ሰማዩን አይቶ «አሁን በሐይቆቹም ዘንድ ዝናም ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በእኛ አገር ዝናሙ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ሳያቋርጥ ይዘንማል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ግን ዋናው የዝናም ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝናም በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰማይ ሲጠቁር በጫሞና በአባያ ሐይቆች ዋናው ዝናም አልፏል ማለት ነው። በዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ደግሞ ከፍተኛው ዝናም የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሁለቱን ገበያዎች በአንድ ሰማይ የሚለካ ሰው ዋጋ ሲጠይቅም ሆነ ቀን ሲቀጥር ይሳሳታል።

ሐይቆቹም አንዱ ከሌላው ይለያል። አባያ ብላቴ፣ ጊዳቦና ገላና የተባሉት ወንዞች የሚያመጡለትን አፈር ስለሚቀበል ውኃው ቀይ ነው፤ የፀሐይ ብርሃንም ወደ ውስጡ ርቆ አይገባም። ጎረቤቱ ጫሞ ግን ለብዙ ዘመን የታወቀው ናይል ፐርች በተባለው ትልቅ ዓሣ ነው። ሐዋሳ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝዋይ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ውኃ ይቀበላል፤ ጥልቀቱም ከ9 ሜትር አይበልጥም። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ በነፋስና በጎርፍ ቶሎ ይደፈርሳል፤ መረቡም ሣርና ጭቃ ይዞ ይወጣል።

2ኛ፤ የወንዞቻችን ነገር

ከደጃችን ያሉት ዴዴሳ፣ አንገርና ዳቡስ ሁሉም ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸው። በበጋ ወራት አምባዛና ቢልጫ ይወጣባቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ውኃው ቡናማ ሆኖ ይሞላል፤ ዛፍና ግንድ ይዞ ይወርዳል፤ መረብ ዘርግቶ መቆየት አይቻልም። ዓሣውም በዋናው ወንዝ ተሰብስቦ አይቆይም፤ ውኃ ወደ ተኛበት ሜዳና ረግረግ ገብቶ ይበተናል።

ይህ ነገር ጋምቤላን ለሚያውቅ የወለጋ ነጋዴ አዲስ አይሆንበትም። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በዚያ በኩል ይወጣ፣ ጨውና ጨርቅም ይገባ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ መንግሥት እስኪመለስ ድረስ የሥራው ጊዜ በውኃው ልክ ይቆጠር ነበር። የዓሣው ነገር ግን ተቃራኒ ነው። መርከብ ውኃው ሲሞላ ይመጣል፤ ዓሣ ውኃው ሲጎድል ይያዛል። ከኅዳር ወዲህ ውኃው ከረግረጉ ሲሸሽ ዓሣው በጠባብ ስፍራ ይሰበሰባልና አጥማጁ ብዙ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በወንዝ ዓሣ የሚነግድ ሰው ውሉን ለበጋ እንጂ ለሐምሌ አይዋዋል።

በወለጋ ምድር የፊንጫአን ግድብ አለመጥቀስ አይቻልም። ቀድሞ የጮመን ረግረግ ይባል የነበረው ስፍራ በ1965 ዓ.ም. ግድቡ ሲጠናቀቅ ሰፊ ሐይቅ ሆነ፤ ዛሬ ቆሮሶ ከሚወጣባቸው ቅርብ ስፍራዎችም አንዱ ነው። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃ መያዝ ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዴዴሳና ዳቡስ የሚያፈስሱት ውኃ ወደዚያ የሚገባ እንደ መሆኑ፣ የወለጋ ነጋዴ ዓይኑን ወደ ደቡብ ብቻ ሳይሆን ወደ ምዕራብም ማድረግ ይገባዋል። መንገዱ ያጠረ ዓሣ ዕድሜው የረዘመ ነውና።

3ኛ፤ ዓሣው በዚህ ወር ምን ያደርጋል?

ገዢው የሚገዛውን ፍጥረት ጠባይ ማወቅ አለበት። አምባዛ የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ሲመጣ ከጥልቁ ወጥቶ ሣር ወዳለበት ወደ ዳር ውኃ ይገባል፤ በዚያም ዕንቁላሉን ይጥላል። ትልቋ እንስት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትይዛለች። በዳር በኩል ያለ ውኃ ጥልቀት ስለሌለው አምባዛ በቀላሉ ይያዛል። በሰኔ ወር ሆዱ የተወጠረ አምባዛ በርካሽ ዋጋ ሲቀርብልን ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቆሮሶ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ውስጥ ትይዛለች፤ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩም ልጆቿን በዚያው ትጠብቃለች፤ በዚህ ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዲት እናት በተያዘች ጊዜ የጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ ሆኖም መራባቱ ከፍ ከሚልባቸው ጊዜያት አንዱ ክረምቱ ነው። በጣና ሐይቅ ያለው ቢልጫ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራና ርብ ወደ መሰሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥቶ ይራባል። መረባቸውን በወንዙ አፍ ላይ የዘረጉ አጥማጆች በአንድ ሌሊት ብዙ አገኙ፤ ነገር ግን ወደ ወንዝ የሚወጣው ቢልጫ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እጅግ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በጫሞም የናይል ፐርች ከመጠን በላይ መጠመድ ሲያሳስብ ኖሯል።

«ይህ የአጥማጁ ጥፋት ነው» የሚል ነጋዴ ይኖራል። አጥማጁ ግን የሚይዘው ገዢ ያለውን ነው። ትንንሹንና ዕንቁላል ያዘለውን እኛ ካልገዛን እርሱም ለመያዝ አይደክምም። መረብ የሚያስመጡትም ነጋዴዎች ይህን ያስቡበት። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ በዚህ ዓመት ብዙ ቢሸጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መረብ የሚገዛ አጥማጅ አይገኝም።

4ኛ፤ ጾምና ፈላጊ

በጾም ወራት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሊቃውንት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ነጋዴው የሚያውቀው፣ በጾም ቀን ዓሣ የሚፈልግ ሰው ብዙ መሆኑን ነው። ገበያው የሚሞቀው በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ጾሞች አሉ። የሰኔ ጾም የሚባለው የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ቀን ይቆያል፤ ነገር ግን ይህን የሚጾመው ሰው ከሌሎቹ ጾሞች ያነሰ ነው። ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1 ቀን ገብቶ ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ይጾመዋል። እንግዲህ ለሰኔ ብዙ ገዝቶ ለፍልሰታ ባዶ እጁን የሚቀር ነጋዴ ሒሳቡን ገልብጦታል።

ከዚህም በላይ በወለጋ ከተሞች ከበላተኛው ብዙው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆነ፣ የዓሣ ፈላጊነት እንደ አዲስ አበባ በጾም ብቻ አይወሰንም። በሆቴል ጥብስና ጉላሽ የሚያዘው ሰው በማንኛውም ሳምንት ይመጣል። ስለዚህ የነቀምቴ ነጋዴ የሚጠቅመው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማምጣት እንጂ በአንድ ጊዜ መከመር አይደለም።

5ኛ፤ በረዶና ሒሳብ

እኔ ለአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ያየሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር 400 ኪሎ ዓሣ ከሐይቅ ዳር ተጭኖልን መጣ። ለ400 ኪሎ ዓሣ የገባው በረዶ 100 ኪሎ ነበር። ሌሊት በዘነመው ዝናም መንገድ ተዘግቶ መኪናው ቆመ፤ በማግሥቱ ማታ ሲደርስ ሳጥኑን የከፈትነው እኛ ብንሆንም የሸተተው ግን በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሁሉ ነበር። ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርነው። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨን፣ ለሁለት ዓመት ዓሣ ያስረከብነው የሆቴል ባለቤት በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ነጋዴ መሄዱ ነው። የመዝገቡን ኪሳራ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ቁጥሩን አልረሳውም።

ስሕተቱ የቱ ላይ እንደ ነበር በኋላ ተረዳን። አንድ ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ ሩብ ኪሎ ያህል በረዶ ይቀልጣል። ሩብ ኪሎ የጫነ ሰው ዓሣውን አቀዘቀዘ እንጂ ለመንገዱ ምንም አላስቀረም። ስለዚህ በሞቃት አገር የታወቀው ደንብ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው። በረዶው ተሰባብሮ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ይነጠፋል፤ የቀለጠውም ውኃ በሳጥኑ ሥር መውጫ ይኑረው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ እንደዚህ የተያዘ ዓሣ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ከባቱ በአዲስ አበባ በኩል እስከ ነቀምቴ ያለው መንገድ ወደ 490 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከሦስት ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ አጥንትና ቆዳ የሌለው ሥጋ (ፊሌቶ) አንድ ኪሎ ገደማ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል ሙሉ ዓሣ ኪሎው 200 ብር ነው እንበል። የአንድ ኪሎ ፊሌቶ መነሻ 600 ብር ይሆናል። ለበረዶ፣ ለጭነትና ለሠራተኛ 90 ብር ቢጨመር 690 ብር ደረሰ። ከአራት ጭነት አንዱ ቢበላሽ ግን የሦስቱ ጭነት ዋጋ የአራቱን ወጪ መሸፈን ስላለበት፣ የአንዱ ኪሎ መነሻ 920 ብር ሆነ። በዚህ ላይ ትርፍ ገና አልተጨመረም። እንግዲህ ሐይቅ ዳር በኪሎ 20 ብር ረክሶ ያገኘው ነጋዴ ለፊሌቶው 60 ብር ቢተርፈውም፣ በበረዶ ማነስ 230 ብር ከስሯል።

6ኛ፤ ዓሣና ቡና አብረው አይጫኑ

ይህ ለላኪዎች የሚሆን ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም ይታወቃል። ቡና ሽታንና እርጥበትን የሚስብ ፍሬ ነው። ዓሣ አራግፎ በሚገባ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ቡና የሚጭን መኪና፣ ቀማሾች በአንድ ጉርሻ የሚያውቁትን ጉድለት ይዞ ይሄዳል። የዓሣ ትርፍ ትንሽ ነው፤ የቡና ስም ግን ትልቅ ነው። ትንሹን ፍለጋ ትልቁን ማጣት አይገባም።

7ኛ፤ ገዢው የሚመረምረው

በመረከቢያው ጊዜ እነዚህን ነገሮች መመልከት ይበቃል። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ ይሁን፤ የጠለቀና የደፈረሰ ዓይን ያለው ዓሣ የቆየ ነው። ጆሮ ግንዱ ሥር ያለው መተንፈሻ ቀይ ይሁን፤ ቡናማ ከሆነ ይመለስ። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣ። ዕንቁላል ያዘለውንና ከመጠን ያነሰውን «አንወስድም» ብሎ ውሉ ላይ መጻፍ ነው። በቋንጣ መልክ የደረቀ ዓሣ በሰኔና በሐምሌ መግዛት አይመከርም፤ ዝናም ባለበት ወር በሚገባ ስለማይደርቅ ይሻግታል፤ ትልም ያፈራበታል። የደረቀውን ከኅዳር እስከ የካቲት መግዛት ይሻላል።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የሚገዛው ዓሣ በምን መረብና ከየትኛው ውኃ እንደ ተያዘ የሚጠይቅ ነጋዴ ራሱንም ሐይቁንም ይጠብቃል።

እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ለመደምደም፣ በሰኔ ጥቂት መግዛት፣ በረዶውን መሙላት፣ ዘር ያዘለውን መተው፣ ለፍልሰታ አስቀድሞ መዋዋል ነው። እኛም ያንን 400 ኪሎ ከቀበርን ወዲህ በሰኔ ከ80 ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ አንጭንም። ያ የሆቴል ባለቤትም በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ ደንበኛችን ሆኗል።