እኩል ሥራ፣ እኩል ምንዳ፣ እኩል ድምፅ
የሴቶች መብት በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ



በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 27 አምስት እኅትማማች እናገኛለን፤ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ ይባላሉ። አባታቸው ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይተው በምድረ በዳ ሞቶአል። በዘመኑ ልማድ ርስት የሚወርሰው ወንድ ስለ ነበረ የአባታቸው ስም ከወገኑ መካከል ሊጠፋ ተቃረበ። እኅትማማቹ ግን በየድንኳናቸው ተቀምጠው ማልቀስን አልመረጡም። በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ፣ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ጥያቄያቸውን በአንድነት አቀረቡ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አደረሰ፤ እግዚአብሔርም የሴቶቹ አቤቱታ ትክክል መሆኑን መሰከረ። ከዚያም ውሳኔው ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን ለትውልድ ሁሉ ሥርዓት ሆነ።

በዚህ እትም የምንመለከተው ሴቶች በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ስለ መብትና ስለ እኩልነት የሚያደርጉትን ጥረት ነው። አንዳንዶች ይህን የከተማና የፋብሪካ ጉዳይ፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ አድርገው ያዩታል። ከሲሪንቃ ሆነን ስንመለከተው ግን በደጃችን ያለ ነገር ነው። ትምህርቱን የምናቀርበው ካርዲናል ካርዳይን ለወጣት ክርስቲያን ሠራተኞች ባስተማሩት፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት መልእክት ባጸደቁት መንገድ ነው፦ ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ።

1. ማየት

ሲሪንቃ በመርሳና በወልዲያ መካከል፣ በሀብሩ ወረዳ ትገኛለች። ማሽላና ጤፍ በሚዘራበት በዚህ አገር አረም ሲደርስ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ቤት ሲሠራ፣ በቀን ሥራ የሚውሉ ብዙ ሴቶች አሉ። እነዚህ ሴቶች በማኅበር መኖርን አያውቁም ማለት አይቻልም። ሐዘን ሲደርስ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ሴቶቹ እንጀራውንና ውኃውን ያደርሳሉ፤ መዋጮውን ይይዛሉ፤ የደከመችውን ይደግፋሉ። በዚህም ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ይቆማሉ። ለሐዘን የሚሰበሰበው ኅብረት ለምንዳ ሲሆን ግን ይበተናል። እያንዳንዷ ሴት ከአሠሪው ጋር ብቻዋን ትነጋገራለች፤ ብቻዋንም የተሰጣትን ተቀብላ ትሄዳለች።

እኛም ከዚህ በደል ንጹሓን አይደለንም። ከዓመታት በፊት ባገለገልንበት አንድ ቁምስና ግንባታ ነበረን። አሸዋና ውኃ የሚሸከሙት ሴቶች ድንጋይ ከሚያቀብሉት ወንዶች ያነሰ ምንዳ ይከፈላቸው ነበር። የክፍያውን ዝርዝር በየሳምንቱ ስንፈርም አንድም ቀን ምክንያቱን አልጠየቅንም። አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ገንዘቧን በእጇ እንደ ያዘች፣ «አባ፣ የመጣነው በአንድ ሰዓት፣ የምንሄደውም በአንድ ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ከምኑ ላይ ነው?» አሉን። የሥራው ኃላፊ «የአገሩ ልማድ ነው» ሲል መለሰ። እኛ ግን መልስ አጣን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ክፍያው እኩል ሆነ፤ ያለፉት ሳምንታት ጉድለት ግን አልተመለሰም። ዛሬም ይህን የምንጽፈው ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው።

2. መመዘን

የአገራችን ሕግ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል። በአንቀጽ 42 ደግሞ በማኅበር የመደራጀትን መብት ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ አልሰጠም፤ ገበሬውን፣ የእርሻ ሠራተኛውንና ሌላውንም የገጠር ሠራተኛ ይጠቅሳል። በዚሁ አንቀጽ ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸው ተጠብቆአል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት አድርጎታል፤ በቀደመው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ነበር። በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንም ከልክሎአል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ከአሥር በታች በሆኑባቸው ድርጅቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ።

ቤተ ክርስቲያናችንስ? ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው የሠራተኛን በማኅበር የመደራጀት መብት አጸኑ። በዚያ መልእክት ስለ ሴት የተነገረው በአብዛኛው ከቤት ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ትምህርቱ ግን እያደገ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ «ፓቼም ኢን ቴሪስ» በተሰኘው መልእክት የዘመኑን ምልክቶች ሲዘረዝሩ የሠራተኞችን መነሣትና የሴቶችን ወደ አደባባይ መውጣት አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡ። በዚያው ዓመት በአገራችን የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 የሴት በሥራ ማደግ እናትነቷን በመጉዳት መሆን እንደሌለበት አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሴቶች በጻፉት ደብዳቤም እኩል ክፍያን፣ ለሠራተኛ እናቶች ጥበቃንና ፍትሐዊ የሥራ ዕድገትን ጠየቁ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በዚህ ረገድ ስለ ፈጸሙት ጥፋትም ማዘናቸውን ገለጡ።

መጽሐፍ ቅዱስም ይመሰክራል። ቦዔዝ ሩት በእርሻው ስትቃርም ጐበዛዝቱ እንዳይነኩአት አዘዘ (ሩት 2፥9)፤ የሴት ሠራተኛ ደኅንነት የአሠሪው ኃላፊነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፥4)። «የሴት ጉልበት አነስተኛ ነው» የሚል ቢኖር፣ ሥራው ይመዘን እንጂ ሠሪዋ በሴትነቷ አትመዘን እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሠራተኛ ማኅበር መኖሩ ብቻውን ለሴት ፍትሕ አያመጣም። በማኅበሩ ውስጥም አባሎቹ ሴቶች፣ ተናጋሪዎቹ ግን ወንዶች ከሆኑ፣ የወሊድ ፈቃድና የትንኮሳ ጉዳይ ከአጀንዳው መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ ሰዓቱ ሲያልቅም ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

የሕንድ አገር ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው። በአሕመዳባድ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የሴቶች ክፍል ነበረ። ከዚህ ክፍል ወይዘሮ ኤላ ባት ሸክም የሚሸከሙትን፣ በጎዳና የሚነግዱትንና በየቤታቸው የሚሠሩትን ሴቶች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1972 ማኅበር አቋቋሙ። መዝጋቢው ሹም፣ «የምትታገሉት አሠሪ ስለሌለ ማኅበር ልትሆኑ አትችሉም» የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር። ሴቶቹም የማኅበር ዓላማ በአንድ ሰው ላይ መነሣት ሳይሆን የሠራተኞች አንድነት መሆኑን አስረድተው ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከእናት ማኅበራቸው ተለይተው በራሳቸው ቆሙ። የቀን ሠራተኞችም እንኳ መደራጀት እንደሚችሉ ይህ ያሳየናል።

3. ማድረግ

አንደኛ፣ ከቤታችን እንጀምር። በቁምስናችን፣ በትምህርት ቤታችንና በክሊኒካችን የሚሠሩትን ሁሉ የክፍያ ዝርዝር ከሚቀጥለው ክፍያ በፊት እንመልከት። ለአንድ ሥራ ሁለት ምንዳ ተጽፎ ከተገኘ ይታረም፤ የጎደለውም ይመለስ።

ሁለተኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕጉን በቀላል ቋንቋ ያስተምሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ የተለየ መሆኑንም ያስረዱ።

ሦስተኛ፣ በማኅበር ያላችሁ ምእመናን ሴቶች በአመራር ወንበር እንዲቀመጡ አድርጉ። የስብሰባውን ሰዓት እናቶች ውኃ በሚቀዱበትና እራት በሚያበስሉበት ጊዜ አታድርጉት።

አራተኛ፣ ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ወደ ስብሰባ ስትሄድ ልጁን ያዙ። በቤት ያልተጀመረ እኩልነት በአዳራሽ አይጸናም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. የሰለጰዓድ ልጆች አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት መቅረባቸው ምን ያስተምረናል?
ለ. በአካባቢያችን ለአንድ ሥራ ለወንድና ለሴት የተለያየ የሚከፈለው የት ነው? እኛስ ከፍለን እናውቃለን?
ሐ. በቅሬአችን የምናሳየውን መተሳሰብ ወደ ሥራ ቦታ ለመውሰድ ምን ይከለክለናል?

በናዝሬት በእጁ የሠራ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሠራተኞችን ድካም ያውቃል። እንደ ሙሴ የሴቶችን አቤቱታ ሰምተን ወደ ፊቱ የምናቀርብ፣ ፍርዱም ሲመጣ ሳናመነታ የምንፈጽም ያድርገን። አሜን።