ወጣቱን ሠራተኛ ማቆየት ወይስ ማሰናበት? ከአሜሪካ ፉትቦል የሚገኝ ትምህርት

ትርፍ ያነሰበት የንግድ ቤት ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፊት በሚታየው ሰው ላይ ያርፋል፤ እርሱም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ሽያጩን እንዲመራ የተሾመው ወጣት ነው። ይህ ወጣት ይቆይ ወይስ ይሰናበት የሚለው ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ በዝግ በር የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ውጤቱን ከውጭ ሆኖ ለማጥናት ያስቸግራል። በአሜሪካ አገር ግን ይኸው ጉዳይ በየዓመቱ በአደባባይ፣ ቁጥሩም ተጽፎ፣ ሲፈጸም ይታያል፤ ይኸውም በፉትቦል ጨዋታ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ትምህርት ምሳሌውን ከዚያ እንወስዳለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ፣ ከየወገኑ 11 ሰው ተሰልፎ ይጫወታል። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ተቀብሎ ወይ ለሚሮጥ ባልንጀራው ይሰጣል፣ ወይ አሻግሮ ይወረውራል፤ ይህንም የሚወስነው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች እንደ አጥር ቆመው ይከላከሉለታል። አጥሩ ከፈረሰ ባላጋራ ደርሶ ይጥለዋል፤ ቸኩሎ ከወረወረም ኳሱ ከባላጋራ እጅ ይገባል። ይሁን እንጂ ተመልካች የሚያየው አጥሩን ሳይሆን ወርዋሪውን ነውና፣ ድሉም ሽንፈቱም በእርሱ ስም ይጻፋል።

ናሽናል ፉትቦል ሊግ በሚባለው ማኅበር ውስጥ 32 ቡድኖች አሉ። ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡት ወጣቶች በየዓመቱ በተራ ይመረጣሉ። የምርጫው ተራ የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ከሁሉ ይልቅ ከተሸነፈው ቡድን ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለደካማው ቤት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛ ነገር ደግሞ አለ። በ2011 በተደረገው ስምምነት መሠረት የወጣት ተጫዋች የመጀመሪያ ውል አራት ዓመት ሲሆን፣ ደመወዙም የተወሰነ ነው። በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠ ወጣት ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፤ ይህን መብት መጠቀም አለመጠቀሙን ግን ከሦስተኛው የውድድር ዓመት በኋላ ማሳወቅ ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ ደመወዙ በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ቡድኑ ለተጫዋቾቹ ሁሉ የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብም ከ1994 ጀምሮ ወሰን የተደረገለት ስለ ሆነ፣ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው ይቀነሳል። እንግዲህ ወጣቱ የሚፈተነው በሦስት ዓመት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ እንምጣ። ኒው ዮርክ ጄትስ የተባለው ቡድን በ2018 ሳም ዳርኖልድ የተባለውን የ20 ዓመት ወጣት በሦስተኛ ተራ መረጠ። ይህንም ተራ ለማግኘት የራሱን ስድስተኛ ተራና ሦስት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች ለኢንዲያናፖሊስ ቡድን ከፍሏል። ወጣቱ 21 ዓመት እንደ ሞላው በመጀመሪያ ጨዋታው የወረወረው የመጀመሪያ ኳስ ከባላጋራ እጅ ገብቶ ነጥብ ተቈጠረበት። እርሱ ግን ሳይደነግጥ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ቡድኑም 48 ለ 17 አሸነፈ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ ግን መልካም አልነበረም። በሦስት ዓመት ውስጥ ዋናው አሠልጣኝ ተለወጠ፤ የመረጠው ሥራ አስኪያጅም ተሰናበተ። በ2020 ቡድኑ ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነበር። ዳርኖልድ ተሰልፎ ከጀመራቸው 38 ጨዋታዎች 13ቱን አሸንፎ በ25ቱ ተሸንፏል፤ 45 ጊዜ በውርወራው ነጥብ ሲያስገኝ፣ 39 ጊዜ ኳሱ ከባላጋራ እጅ ገብቶበታል።

በ2021 የመወሰኛው ጊዜ ደረሰ። ጄትስ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ተራ ይዞ ነበርና፣ በኤፕሪል ወር ዳርኖልድን ለካሮላይና ቡድን በሦስት የምርጫ መብቶች ለወጠው፤ በዚያው ወር ዛክ ዊልሰን የተባለውን ሌላ ወጣት መረጠ። ይህን ውሳኔ ሞኝነት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ቁጥሩ ደካማ ነበር፤ የውሉም ጊዜ እየተገባደደ ነበር፤ አዲሱ ወጣት ደግሞ በአነስተኛ ደመወዝ አራት ዓመት የሚሠራ ነበር። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ትክክል ነው።

ነገር ግን የሆነውን እንመልከት። ዊልሰን በጄትስ ከጀመራቸው 33 ጨዋታዎች ያሸነፈው 12ቱን ብቻ ነው፤ በ2024 እርሱም ለሌላ ቡድን ተሰጠ። በመካከሉ ቡድኑ ስመ ጥሩውን ኤሮን ሮጀርስን በ2023 አስመጣ፤ ሮጀርስም የ39 ዓመት ሰው ነበርና ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ወጣት ተለወጠ፣ አዛውንት ተገዛ፣ ቤቱ ግን ያው ቤት ሆኖ ቀረ።

ዳርኖልድስ? በካሮላይና ሁለት ዓመት ተንገላታ፤ በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በተጠባባቂነት ተቀምጦ ሥራውን ተማረ። በ2024 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ የአንድ ዓመት ውል ሰጠው። በዚያም ጠንካራ አጥር፣ ፈጣን ተቀባዮችና ትዕግሥት ያለው አሠልጣኝ ስላገኘ፣ ከ17 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ፤ 35 ጊዜም በውርወራው ነጥብ አስገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሲያትል ሲሆክስ ተዛወረ፤ በፌብሩዋሪ 2026 ከዚያ ቡድን ጋር የሱፐር ቦውልን ዋንጫ ተቀበለ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ወጣትን ሁልጊዜ ማቆየት ይገባል» የሚል ሰው ቢኖር፣ እርሱም ትምህርቱን በግማሽ ተቀበለ ማለት ነው። በ2002 ሂዩስተን ቴክሳንስ የተባለው አዲስ ቡድን ዴቪድ ካርን በአንደኛ ተራ መረጠ። አጥሩ ግን ደካማ ነበርና ወጣቱ በመጀመሪያው ዓመት 76 ጊዜ ከኳስ ጋር ተጣለ፤ እስከ ዛሬም ይህን ያህል የወደቀ የለም። ቡድኑ አምስት ዓመት አቆየው፤ አጥሩን ግን እንደሚገባ አላበጀለትም፤ በ2005 እንደገና 68 ጊዜ ወደቀ። በ2007 ተሰናበተ። ያለ መሣሪያ ማቆየት ቀስ ብሎ ከማሰናበት የተለየ አይደለም።

በሌላ በኩል ኦክላንድ ሬይደርስ በ2007 ጃማርከስ ራስልን በአንደኛ ተራ መርጦ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚደርስ ውል ሰጠው። ከጀመራቸው 25 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሰባቱን ነው። ቡድኑ በ2010 ሲያሰናብተው ብዙ ገንዘብ ከስሮ ነበር፤ ቢሆንም የወጣው ገንዘብ ወጥቷልና፣ እርሱን ለማስመለስ ተብሎ ሌላ ዓመት መጨመር ኪሳራን በኪሳራ መደረብ ይሆን ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የዳላስ ካውቦይስ ነው። በ1989 ቡድኑ ከ16 ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸነፈ። በአንደኛ ተራ የተመረጠው ወጣት ትሮይ ኤክማን ደግሞ በጀመራቸው 11 ጨዋታዎች ሁሉ ተሸነፈ። ቁጥሩን ብቻ ቢያዩ ከዳርኖልድ ይልቅ መሰናበት የሚገባው እርሱ ነበር። ባለቤቱና አሠልጣኙ ግን ወጣቱን ትተው ቤቱን መረመሩ። በዚያው ዓመት ዝነኛውን ሯጭ ኸርሼል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጥተው በምትኩ ብዙ ተጫዋቾችና የምርጫ መብቶች ተቀበሉ፤ በ1990 በዚህ መብት ተጠቅመው ኤሚት ስሚዝን አገኙ። ቡድኑ በ1990 ሰባት፣ በ1991 አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ1992 እስከ 1995 በነበሩት አራት የውድድር ዓመታት ደግሞ ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ኳርተርባኩ ያው ኤክማን ነበር።

በጸሐፊነት ሥራ እንደሚታወቀው፣ ሒሳብ የሚታመነው ወጪና ገቢ በየዐምዱ ተለይቶ ሲጻፍ ነው። የሰውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ወጣቱን ከማሰናበታችን በፊት በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዐምድ እናስምር፤ በአንዱ የእርሱን ጥፋት፣ በሌላው የቤቱን ጥፋት እንጻፍ። ዕቃው ከጉምሩክ ዘግይቶ በመውጣቱ የጠፋ ደንበኛ በወጣቱ ዐምድ አይጻፍም። ዕቃው በመጋዘን ሳለ ለደንበኛው መልስ ባለመስጠቱ የጠፋው ግን በእርሱ ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ ዕቃና የበላይ ምክር ተሰጥቶታልን? ሁለተኛ፣ ዘንድሮ የሚሳሳተው አምና የተሳሳተውን ነውን ወይስ ሌላ? ያንኑ ስሕተት የሚደጋግም አልተማረም፤ አዲስ ስሕተት የሚሠራ ግን እየተማረ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚተካው ሰው ደመወዙ ብቻ ሳይሆን እስኪለምድ ድረስ የሚያጠፋው ጊዜ ተቈጥሮ ምን ያህል ያስወጣል? አራተኛ፣ የምናቆየው ስለሚሠራው ሥራ ነውን ወይስ ቀድሞ ስላወጣንበት ገንዘብ? ምክንያቱ ሁለተኛው ከሆነ ማሰናበቱ ይሻላል።

መልሱ ይቆይ የሚል ከሆነ፣ የሚታይበት ቀን ይወሰን፤ ለወጣቱም በግልጽ ይነገረው፤ የጐደለውም መሣሪያ እስከዚያው ይሟላለት። ቀን ያልተቈረጠለት ትዕግሥት ቸልተኝነት ነው፤ መሣሪያ ያልተሰጠው ፈተናም ፈተና አይደለም። መልሱ ይሰናበት የሚል ከሆነ ደግሞ የሚገባው ሁሉ ተከፍሎት በክብር ይሂድ፤ ነገር ግን ተተኪው ከመቀጠሩ በፊት የቤቱ ዐምድ እንደገና ይነበብ። በዚያ ዐምድ የተጻፈው ሳይታረም አዲስ ሰው የሚያስገባ ነጋዴ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ስለ ሌላ ወጣት መጠየቁ አይቀርም፤ የፊተኛው ወጣትም በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ለተወዳዳሪው ይሸጥ ይሆናል።