ቢወድቅ የሚያነሣው ማን ነው? ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወገኖች ደኅንነት

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶች የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

መግቢያ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አለፈ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በማግሥቱ የዋለው ሰንበት የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መፃጉዕ ነበር።

በመፃጉዕ የሚነበበው ወንጌል (ዮሐ. 5) 38 ዓመት በደዌ ስለ ኖረው ሰው ይናገራል። የመዳኛው ውኃ በአጠገቡ ነበር፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ግን አልነበረውም። የዛሬው ትምህርታችንም ከዚህ ይነሣል፦ በአጥቢያችን ቢወድቅ የሚያነሣው ሰው የሌለው ማን ነው?

ብቻውን የሚሠራ የምንለው ማንን ነው?

ቢወድቅ የሚያየው፣ ቢጮኽ የሚሰማው በአጠገቡ የሌለ ሠራተኛ ሁሉ ብቻውን የሚሠራ ነው። በቆሼ ብረትና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ የምትለቅም እናት በብዙ ሰው መካከል ብትሆንም የዶዘሩ ጩኸትና የክምሩ ጭስ ድምፅዋን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ብቻዋን ናት። በአጥቢያችንም የሌሊት ጥበቃው፣ ጣሪያ ለመጠገን መሰላል የሚወጣው፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያጸዳው፣ ሙዳየ ምጽዋት ቆጥሮ ወደ ባንክ የሚሄደው፣ ለኪዳን በሌሊት የሚገሰግሰው አገልጋይ በዚሁ ይቆጠራሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ለራሱ የሚለቅም ሰው ግን አሠሪ የለውም፤ ማታ ወደ ቤቱ አለመመለሱን የሚጠይቅ ኃላፊም የለውም። ይህ ክፍተት ወደ እኛ የሚመለከት ነው።

የነህምያ መለከት

የኢየሩሳሌም ቅጥር በሚሠራበት ጊዜ ሠራተኞቹ በቅጥሩ ላይ እርስ በርሳቸው ተራርቀው ነበር። ነህምያ መለከት የሚነፋውን በአጠገቡ አቆመ፤ ድምፁን ወደሚሰሙበት ስፍራም እንዲሰበሰቡ አስቀድሞ ነገራቸው (ነህ. 4)። በዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ሁሉም የሚያውቀው ድምፅ፣ ድምፁን እንዲያሰማ የተመደበ ሰው፣ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተስማማ ሕዝብ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መለከቱ ባዶ ጩኸት ነው።

በየሰፈራችን የእድር ጡሩንባ ሕዝቡን ለቀብር ይሰበስባል። ይህንኑ የምናውቀውን ሥርዓት ሰው ሳይሞት እንዲደርስ ማድረግ እንችላለን።

ከቆሼ የምንማረው

አንደኛ፣ ስም ዝርዝር። በ2009 ዓ.ም. ፍለጋው ቀናት ፈጀ፤ የሟቾችም ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ከፍ አለ። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በማይታወቅበት ስፍራ ቆፋሪው ማንን እንደሚፈልግ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ አደጋውን ራሱን መከታተል። ፊሽካም ሆነ ስልክ የሚናድ ክምርን አያቆምም። በክምሩ አናት ላይ ስንጥቅ ሲታይ፣ ግርጌው ሲያብጥ፣ ዝናብ ሲያርሰው ወይም ሥሩ ሲቆፈር ሰውን ማራቅ ይቀድማል። ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ የነበረው የቆሻሻ መድፊያ በገበሬዎች ተቃውሞ ከተቋረጠ በኋላ በቆሼ መድፋቱ እንደ ገና መቀጠሉ ይታወሳል፤ በዕድሜ በገፋ ክምር ላይ አዲስ ሸክም ሲጨመር የሚመለከት ዐይን ያስፈልጋል።

ዝምታም ደወል ነው

በሌሎች አገሮች ብቻውን የሚሠራ ሰው በወገቡ የሚይዘው መሣሪያ አለ፤ ሰውየው ወድቆ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ መሣሪያው ራሱ ይጮኻል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ራሱን የሳተ ሰው ቁልፍ መጫን አይችልም። እኛ መሣሪያው ባይኖረንም ጥበቡን መውሰድ እንችላለን። ሠራተኛው በተወሰነ ሰዓት ሚስኮል ያደርጋል፤ ካላደረገ፣ ተጠባባቂው ዝምታውን እንደ ጥሪ ቆጥሮ ይነሣል።

አጥቢያው ሊጀምረው የሚችለው ሥራ

1. ብቻቸውን የሚሠሩትን በስም መዝግቡ፤ በአጥቢያው ያሉትን ለቃሚዎችም ጨምሩ።
2. ለእያንዳንዱ አንድ ተጠባባቂና አንድ ተተኪ መድቡ። ለቃሚዎች ጥንድ ጥንድ እንዲሆኑ ምከሩ።
3. የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ይኑር። የሌሊት ጥበቃው በየሰዓቱ ይደውል።
4. ፊሽካ አድሉ። የአደጋው ደወል ከቅዳሴው ደወል የተለየ አመታት ይኑረው፤ ምእመናንም ይወቁት።
5. ጥሪው ሲቀር ማን እንደሚሄድ ይወሰን። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፉ።
6. ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ለማውጣት ማንም ዘሎ አይግባ። ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ አዳኙንም ይገድላል። ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት በገመድ ይታሰር፤ የገመዱን ጫፍ የያዘውም ስፍራውን አይልቀቅ።
7. በየሦስት ወሩ ሳታስታውቁ ሞክሩት፤ ደራሹ በስንት ደቂቃ እንደመጣ መዝግቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ትናንት ሌሊት የጥበቃ ሠራተኛችን ቢታመም ኖሮ ማን፣ በስንት ሰዓት ያውቅ ነበር?
ለ. ለጥበቃው የሰጠነው ስልክ ካርድና ባትሪ እንዳለው የሚያረጋግጠው ማን ነው?
ሐ. ከአጥቢያችን ለለቀማ ከሚወጡት መካከል ቤተሰብ የሌላቸው እነማን ናቸው? ምሽት የሚጠብቃቸውስ ማን ይሁን?

ማጠቃለያ

ፊሽካና መዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚከብደው በየዕለቱ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ከመበተኑ በፊት የተጠባባቂዎቹ ስም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር በትሕትና እናሳስባለን። በቆሼ ያለፉትን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።